«ሾተላይ»ን ከምንጩ ያጠኑት ሐኪም፦ ሰር ሲሪል ክላርክ እና የአር ኤች ደም ምርምር

አንዲት እናት የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ትገላገላለች። ሁለተኛው ሞቶ ይወለዳል። ሦስተኛው በሕይወት ቢወለድም በማግስቱ ዓይኑና ገላው ቢጫ ይሆንና በቀናት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ወሬው ይጀመራል፤ «ሾተላይ አለባት» ይባላል። ሴቲቱ በልጆቿ ሐዘን ላይ የጎረቤት ጥርጣሬና የባል ቤተሰብ ወቀሳ ይጨመርባታል፤ አንዳንዴም ፍቺ ይከተላል። ክታብ ጸሐፊና ጠንቋይ ዘንድ ተመላልሰው ያላቸውን ጥሪት የጨረሱ እናቶችም ጥቂት አይደሉም።

ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ ሲሉ በአብዛኛው የሚያወሩት በእናትና በፅንስ መካከል ስለሚፈጠር የደም አለመጣጣም ነው። በእርግጥ ልጅ ደጋግሞ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ሌሎች በሽታዎችም አሉ። ነገር ግን ከላይ የገለጽነው ዓይነት ታሪክ፣ ማለትም የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ተከታዮቹ የሚጎዱበት ሁኔታ፣ የአር ኤች አለመጣጣም ዋና መለያ ነው። ይህ በሽታ ምክንያቱ ታውቋል፤ መከላከያውም ከተገኘ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መከላከያውን ካስገኙት ተመራማሪዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ሲሪል ክላርክ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የእሳቸውንና የባልደረቦቻቸውን ሥራ እናስቃኛችኋለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አር ኤች ምንድን ነው?

የደም ዓይነት ሲነገረን ሁለት ነገሮችን እንሰማለን። አንደኛው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ የሚለው ነው። ሁለተኛው «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጌቲቭ» የሚለው ሲሆን፣ ይህኛው አር ኤችን ይመለከታል። በቀይ የደም ሕዋሱ ላይ «ዲ» የተባለው ምልክት ያለው ሰው ፖዘቲቭ ይባላል፤ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። ከአውሮፓውያን 15 በመቶ ያህሉ ኔጌቲቭ ናቸው። በአፍሪካና በእስያ ቁጥሩ ከዚህ ያንሳል። ኔጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም፤ የጤና ጉድለትም የለበትም።

ችግሩ የሚመጣው ኔጌቲቭ የሆነች እናት ከአባቱ ፖዘቲቭ ደም የወረሰ ልጅ ስታረግዝ ነው። በእርግዝና ጊዜ የእናትና የልጅ ደም በእንግዴ ልጁ ተለያይቶ ይኖራል። በወሊድ ሰዓት ግን ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናትየው ሊያልፍ ይችላል። የእናትየው ሰውነት ይህን ደም እንደ ባዕድ ይቆጥረውና የሚዋጋበትን አንቲቦዲ ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ በዚያን ጊዜ ተወልዶ ስላለፈ በአብዛኛው አይጎዳም። አንቲቦዲው ግን በእናትየው ደም ውስጥ ይቀራል፤ የሰውነት መከላከያዋም ያን ባዕድ ደም አይረሳም።

ቀጣዩ ፅንስ ፖዘቲቭ ከሆነ አንቲቦዲው እንግዴ ልጁን አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሕዋሳት ማፍረስ ይጀምራል። ፅንሱ ደሙ ያንሳል፤ ሁኔታው ሲከፋ መላ ሰውነቱ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ልቡ ይደክማል፣ በማሕፀን ውስጥም ሊሞት ይችላል። በሕይወት ከተወለደ ደግሞ ከፈረሱት ሕዋሳት የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ነገር በገላው ይከማቻል። ይህ ወደ አንጎል ከገባ ልጁን ይገድለዋል፤ ቢተርፍም የመስማትና የመንቀሳቀስ ችግር ሊተውበት ይችላል።

ከክላርክ በፊት ምን ይታወቅ ነበር?

ይህ እውቀት የተገኘው ደረጃ በደረጃ ነው። የኤ፣ የቢና የኦን ልዩነት ያገኙት የቪየናው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር ሲሆኑ፣ ግኝታቸውን በ1901 ይፋ አድርገዋል። ለዚህም በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚያ ወዲህ ደም መስጠትና መቀበል ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ደህንነት አገኘ። ሆኖም የደም ዓይነታቸው ገጥሞም አንዳንድ ሰዎች ደም ሲሰጣቸው ይታመሙ ነበር።

በ1939 ፊሊፕ ሌቪንና ሩፈስ ስቴትሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በኒው ዮርክ የአንዲትን እናት ታሪክ አሳተሙ። ሴትየዋ የሞተ ልጅ ወልዳ ብዙ ደም ስለፈሰሳት የባሏ ደም ተሰጣት። ሁለቱም የደም ዓይነታቸው ኦ ነበር። ይሁን እንጂ ደሙ ሲሰጣት ሰውነቷ ክፉኛ ተቆጣ። ተመራማሪዎቹ ይህን አይተው፣ ልጁ ከአባቱ የወረሰው አንድ ነገር በእናትየው ደም ውስጥ አንቲቦዲ አስነስቷል ብለው ደመደሙ። በቀጣዩ ዓመት ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር አር ኤች የሚለውን ስያሜ ይዘው መጡ። በ1945 ደግሞ ሮቢን ኩምስና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር፣ ይህን አንቲቦዲ በላቦራቶሪ ማየት የሚያስችል ምርመራ አገኙ። ይህ የኩምስ ምርመራ እስካሁን በሆስፒታሎች ይሠራበታል።

ሕክምናው ግን ልጁ ከተጎዳ በኋላ የሚደርስ ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች የተወለደውን ሕፃን ደም በእትብቱ በኩል ጥቂት በጥቂት እያወጡ በሌላ ሰው ደም ይተኩት ነበር። በ1963 በኒው ዚላንድ ዊልያም ላይሊ ገና በማሕፀን ላለ ፅንስ ደም መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። ብዙ ሕፃናት በዚህ ተርፈዋል። ሆኖም በሽታው ከመጀመሪያውኑ እንዳይነሳ የሚያደርግ ነገር አልነበረም።

ከቢራቢሮ ወደ ደም

ሲሪል ክላርክ የተወለዱት በኦገስት 1907 በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ሕክምና አጠናቀቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ሐኪምነት አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 በሊቨርፑል ከተማ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆነው ሥራ ጀመሩ።

ክላርክ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቢራቢሮ ይወዱ ነበር። በትርፍ ጊዜያቸው የተለያዩ ቢራቢሮዎችን እያዳቀሉ ያረቡ ነበር። በዚሁ ምክንያት ፊሊፕ ሼፐርድ ከተባሉ የዘረመል ተመራማሪ ጋር ተዋወቁ። ሁለቱ በተለይ ያተኮሩት በአፍሪካ በሚገኝ አንድ የቢራቢሮ ዝርያ ላይ ነው። የዚህ ዝርያ ሴቶች በብዙ ቦታ መርዛማ የሆኑ ሌሎች ቢራቢሮዎችን መልክ ይዘው ከወፎች ይድናሉ። አገራችንም በዚህ ምርምር ውስጥ ድርሻ አላት። ክላርክና ሼፐርድ በ1960 ካሳተሟቸው ጥናቶች አንዱ የኢትዮጵያንና የማዳጋስካርን ቢራቢሮዎች የተመለከተ ነበር።

ቢራቢሮና የሰው ደም ምን አገናኛቸው? ተመራማሪዎቹ የቢራቢሮው ክንፍ ቀለምና ቅርፅ ተጠጋግተው በተቀመጡ ጂኖች እንደሚወሰንና እነዚህም እንደ አንድ ጥቅል ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፉ አሰቡ። የአር ኤች የደም ዓይነትም በተመሳሳይ መንገድ እንደሚወረስ ይታሰብ ነበር። ክላርክ ይህን መመሳሰል ሲያዩ ትኩረታቸው ወደ ደም ዞረ። በ1950ዎቹም ከባልደረቦቻቸው ጋር በደም ዓይነትና በአንጀት ቁስለት መካከል ያለውን ግንኙነት አጥንተዋል። ከዚያም ጥያቄያቸው ወደ አር ኤች አመራ።

የሊቨርፑሉ ጥናት

በዚህ ጊዜ ሮናልድ ፊን የተባሉ ወጣት ሐኪም በክላርክ ሥር ምርምር ጀመሩ። የተሰጣቸው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ኔጌቲቭ ሆነው ፖዘቲቭ ልጅ ከሚወልዱ እናቶች መካከል አንቲቦዲ የሚያመርቱት ለምን የተወሰኑት ብቻ ናቸው?

ሌቪን ቀደም ብለው አንድ ፍንጭ አስተውለው ነበር። የእናትና የልጅ ደም በአር ኤች ብቻ ሳይሆን በኤና በቢም ሳይጣጣም ሲቀር በሽታው እምብዛም አይነሳም። ለምሳሌ እናቲቱ ኦ ኔጌቲቭ፣ ልጁ ደግሞ ኤ ፖዘቲቭ ሲሆኑ ማለት ነው። ፊን ከወሊድ በኋላ ከእናቶች ደም እየወሰዱ በውስጡ የልጁ ሕዋሳት መኖራቸውን በማይክሮስኮፕ ቆጠሩ። ደማቸው በሁለቱም ረገድ በማይጣጣም እናቶች ዘንድ የልጁን ሕዋሳት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ምክንያቱም በእናትየው ደም ውስጥ ቀድሞ የነበረው የኤ ወይም የቢ አንቲቦዲ፣ የልጁ ሕዋሳት እንደገቡ ጠርጎ ያስወግዳቸው ነበር። የሰውነት መከላከያዋም ዲ የተባለውን ምልክት ለማየት ጊዜ አላገኘም።

መፍትሔው ከዚህ ተወለደ። አላህ በአንዳንድ እናቶች ላይ በተፈጥሮ ያደረገውን ጥበቃ፣ ለሌሎቹ በመርፌ መስጠት ይቻላል? ማለትም እናቲቱ እንደወለደች ከሌላ ሰው የተወሰደ የዲ አንቲቦዲ ቢሰጣት፣ የልጁ ሕዋሳት የራሷን መከላከያ ሳይቀሰቅሱ ይጠፋሉ? ነገሩ የቤቱ ባለቤት ሳይነቃ እንግዳውን ከደጅ እንደመመለስ ነው። ፊን ይህን ሐሳብ በ1960 በሊቨርፑል በተደረገ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ አቀረቡ። ክላርክ ራሳቸው ሲያወሱ ደግሞ ባለቤታቸው አንድ ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሰዋቸው ይህንኑ መክረዋቸዋል። እሳቸው በመጀመሪያ ልንከላከለው የምንፈልገውን ነገር መልሰን እንዴት እንሰጣለን ብለው ተቆጥተው ነበር።

ሐሳቡ በእናቶች ላይ ከመሞከሩ በፊት ኔጌቲቭ ደም ባላቸው ወንድ በጎ ፈቃደኞች ላይ ተፈተነ። ፖዘቲቭ ደም ተሰጣቸው፤ ከዚያም ለከፊሎቹ አንቲቦዲው ተጨመረላቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንዲያውም አንቲቦዲ የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው የበለጠ አመረቱ። ተመራማሪዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። የአንቲቦዲው ዓይነት ትክክለኛው እንዳልሆነ ተረድተው መጠኑ አነስ ያለውን ዓይነት ሲሞክሩ ውጤቱ ተገለበጠ፤ መከላከያው ሠራ። ከዚህ በኋላ ነው ከ1964 ጀምሮ በእናቶች ላይ መሞከር የተጀመረው።

በተመሳሳይ ጊዜ በኒው ዮርክ

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ቪንሰንት ፍሬዳ፣ ጆን ጎርማንና ዊልያም ፖላክ በሌላ መንገድ ወደዚሁ ሐሳብ ደርሰው ነበር። እነሱ ሙከራቸውን ያካሄዱት በኒው ዮርኩ ሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት በነበሩ ፈቃደኛ እስረኞች ላይ ነው። ይህ ዛሬ በሕግ እጅግ የተገደበ ነገር ነው። በጥር 1964 መድኃኒቱ ወደ እንግሊዝ ተልኮ በዚያ ለምትኖረው ለጎርማን ወንድም ሚስት ከወሊድ በኋላ ተሰጣት። ከዚያ ወዲህም ጤነኛ ልጆች ወልዳለች።

አንቲ ዲ የተባለው መርፌ በ1968 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች መሰጠት ጀመረ። ክላርክና ፊን ከሦስቱ የኒው ዮርክ ተመራማሪዎች ጋር በ1980 የላስከር ሽልማትን ተጋሩ። ክላርክ ከ1972 እስከ 1977 የእንግሊዝ የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ፕሬዝዳንት ነበሩ፤ በ1974 «ሰር» የሚለውን ማዕረግ አገኙ። በ2000 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው አርፈዋል።

ውጤቱስ?

በእንግሊዝ መርፌው መሰጠት ከመጀመሩ ከ1969 በፊት በዚህ በሽታ የሚሞቱት ሕፃናት ከ100 ሺህ ወሊዶች 46 ነበሩ። በ1990 ይህ ቁጥር ወደ 1.6 ወርዷል። መርፌው ከወሊድ በኋላ ብቻ ሲሰጥ አብዛኞቹን እናቶች ይጠብቃል። በ28ኛው ሳምንት እርግዝና ላይ ተጨማሪ ሲሰጥ ደግሞ ሳይጠበቁ የሚቀሩት እጅግ ጥቂት ይሆናሉ።

ይሁንና ይህ እድል ለሁሉም አልደረሰም። በዓለም ላይ መርፌው ከሚያስፈልጋቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ እንደማያገኙት ይገመታል። በመካከላቸው የደም ዓይነታቸውን ሳያውቁ የሚያረግዙ፣ በቤታቸው የሚወልዱ፣ የመርፌውን ዋጋ መክፈል ያልቻሉ ብዙ እናቶች አሉ።

ከሰው ክንድ የሚገኝ መድኃኒት

አንቲ ዲ በአብዛኛው የሚዘጋጀው በደማቸው ውስጥ ይህ አንቲቦዲ ካላቸው ሰዎች ፕላዝማ ነው። ፕላዝማ ሕዋሳቱ ሲለዩ የሚቀረው የደም ፈሳሽ ክፍል ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚገኘው ለጋሽ ሲኖር ነው።

አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን በዚህ ይታወቃሉ። በ14 ዓመታቸው በደረት ቀዶ ሕክምና ወቅት ብዙ ደም ተሰጥቷቸው ተረፉ። እሳቸውም ለአካለ መጠን ሲደርሱ ለመለገስ ቃል ገቡ። በ18 ዓመታቸው ጀምረው እስከ 81 ዓመታቸው 1,173 ጊዜ ለገሱ። ከፕላዝማቸው የተዘጋጀው መርፌ 2.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናትን እንደጠበቀ ይገመታል። በፌብሩዋሪ 2025 ሲያርፉ 88 ዓመታቸው ነበር።

ደም መስጠትና መቀበል በሸሪዓ

በዚህ ጉዳይ ላይ ከአንባቢያን ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው፣ ደም ነጃሳ ሆኖ ሳለ ለሕክምና መውሰድ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤዎች ሕይወትን ለማትረፍ አስፈላጊ ሲሆንና ለጋሹን የማይጎዳ ሲሆን ደም መስጠትም ሆነ መቀበል እንደሚፈቀድ ወስነዋል። ደምን እንደ ዕቃ መሸጥ ግን አይፈቀድም።

ሁለተኛው፣ ደም እንደ ጡት ወተት ዝምድና ያስከትላል ወይ የሚለው ነው። የሙስሊሙ ዓለም ሊግ (ራቢጣ) የፊቅህ ጉባኤ በ1989 በመካ ባካሄደው 11ኛ ስብሰባው ይህን መርምሮ፣ ደም መስጠት የመሕረምነት ዝምድና እንደማይፈጥርና ይህ ብይን ለጡት ወተት ብቻ የተለየ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ደም በመስጠትና በመቀበል ምክንያት ጋብቻ አይከለከልም። በግል ጉዳያችሁ ላይ ጥያቄ ካላችሁ የምታምኗቸውን ዑለማዎች ጠይቁ።

ሕክምና መፈለግም ተወኩልን አይቃረንም። ሰበቡን አድርሰን ውጤቱን ለአላህ እንተዋለን።

ምን እናድርግ?

1. እያንዳንዷ ሴት ከጋብቻ በፊት፣ ካልሆነም በመጀመሪያው እርግዝና የቅድመ ወሊድ ክትትል ስትጀምር የደም ዓይነቷን ትወቅ። ኔጌቲቭ ከሆነች የባሏም ይመርመር። ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ በዚህ በኩል ስጋት የለም። እሷ ኔጌቲቭ፣ እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ይህ ጋብቻን የሚከለክል ጉዳይ አይደለም፤ ክትትል ብቻ ይፈልጋል።

2. ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ መርፌው በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ጊዜው ቢያልፍም «አበቃ» ብሎ ከመተው ወዲያው ሐኪም ማማከር ይሻላል።

3. ፅንስ ሲጨነግፍ፣ ከማሕፀን ውጭ ሲረገዝ፣ በእርግዝና ወቅት ደም ሲፈስ ወይም ሆድ በኃይል ሲመታም የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ሊያልፍ ይችላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። «ገና ሦስት ወሯ ነበር» ተብሎ የታለፈ ውርጃ ለቀጣዩ ልጅ አደጋ ሊሆን ይችላል።

4. መርፌው የሚሠራው እናቲቱ አንቲቦዲ ከማምረቷ በፊት ነው። አምርታ ከሆነ መርፌው አይጠቅማትም። ይህ ማለት ግን ተስፋ የለም ማለት አይደለም፤ እርግዝናው በቅርብ ከታየ፣ ካስፈለገም ፅንሱ በማሕፀን ውስጥ ደም ከተሰጠው ጤነኛ ልጅ መውለድ ይቻላል።

5. የመጀመሪያው ልጅ ደህና መወለዱ ለሁለተኛው ዋስትና አይሆንም። ሾተላይ የሚያታልለው በዚህ ነው።

6. ጤነኛ የሆንን ሁላችን ደም እንለግስ፤ በተለይም ኔጌቲቭ ደም ያለን። ኔጌቲቭ ደም በችግር ጊዜ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ገና ልትወልድ ለምትችል ኔጌቲቭ ሴት ፖዘቲቭ ደም ቢሰጣት ደግሞ ይኸው አንቲቦዲ ሊነሳባት ይችላል።

በመጨረሻም ለባሎችና ለቤተሰብ አንድ ቃል አለን። በአር ኤች አለመጣጣም ልጅ የሚጎዳው እናቲቱ በሠራችው ጥፋት አይደለም። ፖዘቲቩ ደም የመጣው ከአባት ነው፤ እሱም ቢሆን ጥፋተኛ አይደለም። ሁለቱም አላህ በሰጣቸው ደም ነው የተገናኙት። ልጆቿን በተከታታይ የቀበረች እናት ከጎኗ የሚቆም ሰው ትሻለች። ባል ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድና የሁለቱም ደም ቢመረመር፣ ምክንያቱ አር ኤች ይሁን ሌላ በሽታ ለመለየት የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል። ለዓመታት በለቅሶ የኖረ ቤት በዚህ ልጅ ሊያሳድግ ይችላል፤ ኢንሻ አላህ።